ቦራ ጡቷ ሲያብጥ፦ የወተት ላም የጡት በሽታን ደረጃ በደረጃ ማከም

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ወደ አራት ኪሎ የሚወጣው ታክሲ ገና ሥራ አልጀመረም። ቀበና ያለው ግቢያችን ውስጥ ግን መብራት በርቷል። ቦራ ቆማለች፣ እኔ ባልዲዬን ይዤ አጠገቧ ቁጢጥ ብያለሁ። የኋላ ቀኝ ጡቷን ገና ስነካው እግሯን አነሳች። ቦራ ደግሞ ተራጋጭ ላም አይደለችም። አምስት ዓመት ሳልባት አንድም ቀን ባልዲ አልደፋችብኝም። ግቷን በመዳፌ ዳሰስኩት። ሦስቱ ክፍል እንደ ወትሮው ልስልስ ያለ ነው። አራተኛው ጠንክሯል፣ ያቃጥላል።

ይህን በሽታ ሐኪሞች ማስታይቲስ ይሉታል። ሰፈር ውስጥ «ጡቷ ታመመ» እንላለን። ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ «የሰው ዓይን ነው፤ ወተቷን ያየባት ሰው አለ» አሉኝ። ያየባት ሰው አልነበረም። በጡቷ ቀዳዳ የገባ ጀርም ነበር። ያስገባሁትም እኔው ሳልሆን አልቀርም።

መሃል ከተማ ላም የሚያረባ ሰው ይህን በሽታ ሳያየው አይቀርም። ግቢው ጠባብ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ላሞቹ ጎን ለጎን ይተኛሉ፣ አላቢው አንድ ሰው ነው። የፈረንጅ ዲቃላዎቹ ደግሞ ወተታቸው ብዙ፣ ግታቸው ትልቅ ነው። እኔ በሦስት ላም የሚሠራውን ስህተት ሁሉ ሠርቼ ጨርሻለሁ ማለት ይቻላል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ግት ከውጭ ሲያዩት አንድ ከረጢት ይመስላል። ውስጡ ግን አራት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ጡት አለው። ወተት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አያልፍም። ስለዚህ በሽታው ከኋላ ቀኝ ወደ ፊት ግራ ከተዛመተ አብዛኛውን ጊዜ በውስጥ አይደለም የሄደው። በእጅ፣ በጨርቅ፣ በቫዝሊን ጣሳ ወይም በጥጃ አፍ ነው።

1. ከማለባችሁ በፊት እዩ

ከእያንዳንዱ ጡት ሦስት አራት ጊዜ ጥቁር ሳህን ላይ እለቡ። ጥቁር ያልኩት ነጭ ነገር ነጭ ላይ ስለማይታይ ነው። እኔ የምጠቀመው አሮጌ ጥቁር የፕላስቲክ ሳህን ነው። ወለል ላይ አትለቡ፤ የታመመ ወተት ወለል ላይ ፈሰሰ ማለት ሌላዋ ላም ነገ የምትተኛበት ላይ ጀርም ዘራችሁ ማለት ነው። መዳፋችሁ ላይም አትለቡ። በዚያው እጅ ቀጣዩን ጡት ልትይዙ ነውና።

ሳህኑ ላይ ጓል ወይም ክር የመሰለ ነገር ካያችሁ፣ ወተቱ ውሃ ከሆነ፣ ቢጫ ወይም መግል ከመሰለ፣ ያ ጡት ታሟል። የቦራ ወተት የዚያን ቀን ተበላሽቶ የጓጎለ ወተት ይመስል ነበር።

ሁለት ነገሮች ሰውን ያሳስታሉ። አንደኛው፣ ልትወልድ የደረሰች ጊደር ግቷ ከዳር እስከ ዳር ያብጣል። በጣት ስትጫኑት ጉድጓዱ እንዳለ ይቆያል፤ አይፋጅም፣ ወተቱም ንጹሕ ነው። ይህ በሽታ አይደለም፣ ከወለደች በኋላ ይጎድላል። ሁለተኛው፣ በወለደች ሰሞን ትንሽ ደም የቀላቀለ ወተት ሊመጣ ይችላል። ጓል ከሌለውና ግቱ ካልጋለ ብዙ አትደንግጡ፤ በጥቂት ቀን ይጠራል።

2. ክብደቱን ለዩ

ወተቱ ብቻ ተበላሽቶ ግቱ ደህና ከሆነ ቀላል ነው። ግቱ ካበጠና ካመማት መካከለኛ ነው። ላሟ ራሷ ከታመመች ግን ከባድ ነው። ይህን ለማወቅ ተራ የፋርማሲ ቴርሞሜትር ይበቃል። ቫዝሊን ቀብታችሁ በፊንጢጣዋ አስገቡና ጫፉን ከአንጀቷ ግድግዳ አስጠግታችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ያዙት። ጤነኛ ላም ከ38 እስከ 39.3 ዲግሪ ገደማ ነች። ከ39.5 ካለፈ ትኩሳት ነው። ቴርሞሜትሩን ከዚያ በኋላ ወደ ቤት አታስገቡት፤ ባለቤቴ ይህን ሁለት ጊዜ ነግራኛለች።

አሁን የምዘረዝረውን ካያችሁ ግን ይህን ጽሑፍ ዝጉና ስልክ ደውሉ። መኖ እምቢ ካለች፣ ጆሮዋ ከቀዘቀዘ፣ ዓይኗ ከጎደጎደ፣ ከተኛችበት መነሳት ካቃታት፣ ወተቱ ሻይ የመሰለ ውሃ ከሆነ። ጡቱ ቀዝቅዞ ወደ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ከሄደም እንዲሁ። እንዲህ ዓይነቱ በሰዓታት ውስጥ ላም ይገድላል። ከእበት የሚመጡት ጀርሞች መርዛቸው ደሟ ውስጥ ይገባል። የምትፈልገው ጉሉኮስና ፈሳሽ፣ ትኩሳትና እብጠት የሚያወርድ መርፌ ነው። ያንን ደግሞ ሐኪም ነው የሚያውቀው። «እስኪ ጠዋት እንየው» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

3. ሐኪሙ እስኪመጣ

የታመመውን ክፍል አራግፉት። የመጀመሪያው መድኃኒት ይህ ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ቀስ ብላችሁ እለቡ። ጀርሙም፣ ጓሉም፣ መርዙም ከወተቱ ጋር ይወጣል። ያመማታል፣ ስለዚህ እየዳበሳችሁ፣ እያነጋገራችሁ። ጓሉ ጡቱን ከዘጋው ጡቱን ከላይ ወደ ታች በቀስታ እሹት እንጂ ስንጥር ወይም ሽቦ አታስገቡ። ይህን የሠራ ሰው አውቃለሁ፤ ጡቱ ለዘላለም ተዘጋ።

ወተቱን ለብቻው ባልዲ እለቡና ሽንት ቤት ድፉት። ለጥጃም፣ ለውሻም፣ ለድመትም አይሰጥም።

ግቱ ሲፋጅ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያስታግሳታል። ውሃ እንደልቧ ትጠጣ። ፌጦ ቀጥቅጦ መለጠፍ፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ በምላጭ መብጣት የሚባሉትን ግን ተዉአቸው። የታመመ ቆዳ ላይ ቁስል ከመጨመር በቀር የሚሠሩት ነገር የለም።

ጥጃው ከታመመው ጡት እንዳይጠባ ያዙት። ከዚያኛው ጠብቶ ወደ ጤነኛው ከዞረ ሥራችሁን ሁሉ አፈረሰው።

4. መድኃኒት፦ ጀምሮ መጨረስ

መጀመሪያ ናሙና። በሽታው የሚመላለስ ከሆነ ወይም ብዙ ላም ከያዘ፣ ሐኪሙ መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት ወተት ለላቦራቶሪ ይውሰድ። ከመድኃኒት በኋላ የተወሰደ ናሙና ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። የጡቱ ጫፍ በአልኮል ይጠረጋል፣ የመጀመሪያው ወተት ይደፋል፣ ቀጣዩ ንጹሕ ብልቃጥ ውስጥ ይገባና በበረዶ ይሄዳል። ወዴት እንደሚላክ ሐኪሙ ይነግራችኋል።

የጀርሙ ዓይነት ለምን ያስጨንቀናል? ምክንያቱም አንድ መድኃኒት ሁሉንም አይገድልም። ከላም ወደ ላም በእጅ የሚተላለፈው ስታፊሎኮከስ ግቱ ውስጥ ጠባሳ እየሠራ ይደበቃል፤ መድኃኒቱ አይደርስበትም። ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲዬ በፔኒሲሊን ጥሩ ይድናል። ከእበት የሚመጣው ኢ ኮላይ ደግሞ ቀለል ሲል ላሟ ራሷ ልታሸንፈው ትችላለች። ስለዚህ «ለጎረቤቴ ላም የሠራላትን ስጡኝ» ብሎ ሱቅ መሄድ ሎተሪ እንደመቁረጥ ነው።

ጡት ውስጥ የሚገባው መድኃኒት ቀጭን አፍ ባለው የፕላስቲክ ቱቦ የሚመጣ ነው። አሰጣጡን ሐኪሙ አንዴ ካሳያችሁ ቀሪውን ቀን እናንተ ልትሰጡ ትችላላችሁ፦

ክፍሉን ሙሉ በሙሉ እለቡና ባዶ አድርጉት። ወተት ያለበት ግት ውስጥ የገባ መድኃኒት በጥብጣችሁ እንዳቀጠናችሁት ቁጠሩት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ጓንት ካለ አድርጉ። የጡቱን ጫፍ፣ ቀዳዳዋ ላይ፣ በ70 በመቶ አልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉ። ጥጡ ቆሽሾ ከወጣ ጣሉትና በሌላ ድገሙ፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። አንድ ጥጥ ለአንድ ጡት ነው። ከዚያ የቱቦውን አፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ አስገቡ። እስከ ላይ መሰግሰግ ቀዳዳዋን ያሰፋታል፣ በውስጥ የሚጠብቃትንም ሽፋን ይልጣል። ቀስ ብላችሁ ግፉት፣ ቱቦውን አውጡ፣ መድኃኒቱን በጣታችሁ ወደ ላይ ወደ ግቱ አሹት። በመጨረሻ ጡቱን አዮዲን ውስጥ ንከሩት።

የተከፈተ ቱቦ ግማሹን ለነገ አይቀመጥም። በአንድ ቱቦ ሁለት ጡት አይታከምም።

አሁን ስለ እኔ ስህተት ላውራ። ሐኪሙ የሦስት ቀን መድኃኒት አዘዘልኝ። በሁለተኛው ቀን የቦራ ወተት ነጭ ሆነ፣ እብጠቷም ጎደለ። እኔም «ዳነች» ብዬ ሦስተኛውን ቱቦ ለክፉ ቀን ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት። ክፉው ቀን በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ያው ጡት፣ ያው ጓል። በዚህኛው ዙር ግን የመጀመሪያው መድኃኒት አልነካውም። ወተቱ የጠራ ለት ጀርሙ አላለቀም፤ የቀነሰ ለት ነው።

5. ወተቱ ለሰው የሚመለሰው መቼ ነው?

ሁሉም መድኃኒት ከመጨረሻው መጠን በኋላ ወተቱ የሚደፋበት ቀን አለው። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ካላገኛችሁት ሐኪሙን ጠይቁና ጻፉት። መርፌ ከሆነም ያው ነው። አንድ ጡት ብቻ ብትታከምም የሚደፋው የአራቱም ነው፤ መድኃኒቱ በደም ይዞራል።

«ይፈላል አይደል?» የሚል አይጠፋም። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ መድኃኒቱን በአብዛኛው አያጠፋውም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ያንን ወተት ጠጥቶ ሊታመም ይችላል።

ይህን የተማርኩት በሚያሳፍር መንገድ ነው። አንዲት ደንበኛዬ ከእኔ ወተት ወስዳ እርጎ እያረጋች ትሸጥ ነበር። ቀኑን በአንድ ቀን አሳጥሬ ሰጠኋት። በሁለተኛው ቀን ማሰሮዋን ይዛ በሬ ላይ ቆመች። «ወንድሜ፣ ይኼ እርጎ አልረጋ አለኝ። ምን አድርገህበት ነው?» ውሃ የቀላቀልኩ መስሏት ነበር። እውነቱን ነገርኳት። ገንዘቧን መለስኩ፣ ደንበኝነቷ ግን ለመመለስ ሁለት ወር ፈጀ። ወተት የሚያረጋውም ባክቴሪያ ነው። በላሟ ጡት ያለውን የሚገድል መድኃኒት ማሰሮው ውስጥ ያለውንም ይገድላል።

6. የቀሩትን ላሞች በኦሞ መርምሩ

አንድ ላም ጡቷ አብጦ ካያችሁ ሌሎቹ ምንም ሳይመስሉ ታመው ሊሆን ይችላል። ይህ ድብቁ ዓይነት ነው። ግቱ አያብጥም፣ ወተቱ ነጭ ነው፣ ላሟ ትበላለች። ወተቷ ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል፣ እኛም ፉርሽካውን እንራገማለን።

ለዚህ በሽያጭ ያለ መመርመሪያ ፈሳሽ አለ። ከሌለ የቤት ኦሞ ይሠራል። ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ 15 ግራም ያህል ዱቄት ሳሙና አሟሙ። አራት ነጭ የስኒ ማስቀመጫ ደርድሩ፤ ለእያንዳንዱ ጡት አንድ። የመጀመሪያውን ወተት ደፍታችሁ ቀጣዩን ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል በየማስቀመጫው አድርጉ። እኩል መጠን የሳሙና ውሃ ጨምሩ። እያዞራችሁ ወዝውዙት፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ።

እንደ ውሃ ከፈሰሰ ደህና ነው። ከሥሩ ትንሽ ወፈር ካለ ተጠራጠሩ። እንደ ተልባ ከተሙለጨለጨ ያ ጡት ታሟል። ከታመመው ክፍል የሚወጣው ወተት ውስጥ ጀርም ሊዋጉ የመጡ ብዙ የሰውነት ሴሎች አሉ፤ ሳሙናው ሲሰብራቸው ውስጣቸው ያለው ነገር ይጓጉላል። መጀመሪያ የሞከርኩ ለት ጤነኛ ናት ስላት የነበረችው ሻሼ ሁለት ማስቀመጫ ተልባ ሰጠችኝ። የቦራን ጡት ያጠበው ጨርቅ የሻሼንም ያጠበ ነበር።

እንገር ላይ ያለችን ወይም ልትደርቅ የተቃረበችን ላም በዚህ አትመርምሩ። ጤነኛዋም ትሙለጨለጫለች። ኦሞ የነካው ወተት ይደፋል። በወር አንዴ በቂ ነው። ተልባ ያሳየው ሁሉ ወዲያው መድኃኒት ይፈልጋል ማለትም አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የማድረቂያ ጊዜዋ ነው። ከመውለዷ 60 ቀን ገደማ በፊት ማለብ ስታቆሙ፣ ሐኪሙ በየጡቱ ረጅም ጊዜ የሚቆይ መድኃኒት ይሰጣታል። ወተት የሚሸጥ ስለሌለ የሚደፋም የለም፣ መድኃኒቱም ፋታ አግኝቶ ይሠራል።

7. አስተላለባችሁን ቀይሩ

ይህን ካላደረጋችሁ የላይኛውን ስትደጋግሙት ትኖራላችሁ። ከሁሉም በፊት ተራ አስይዙ፦ ገና አንዴ የወለዱት ወጣቶቹ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ጤነኞች፣ የታመመችው መጨረሻ። እኛ ቤት ቦራ ትልቋ ስለሆነች ሁሌም ቀድማ ትታለብ ነበር። ተራዋን ስነጥቃት ሁለት ቀን ጮኸች።

ጥፍራችሁን ቁረጡ። በየላሟ መካከል እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ለእያንዳንዷ ላም የራሷ ጨርቅ ይኑራት፤ እኔ አሮጌ ቲሸርት ቆራርጬ ደርዘን አውጥቻለሁ፣ ማታ ይቀቀላሉ። ግቱን በሙሉ በውሃ ማጥለቅለቅ ጥሩ አይደለም፤ ቆሻሻው ተንጠባጥቦ ጡቱ ጫፍ ላይ ይሰበሰባል። ጡቶቹን ብቻ እጠቡና በደንብ አድርቁ። እርጥብ ጡት ማለብ የእበት ውሃ ባልዲ ውስጥ ማለብ ነው።

ቫዝሊንና ቅቤው ላይ ጨከን በሉ። አንድ ጣሳ ውስጥ እየነከሩ ላም በላም መዞር በሽታ ማደል ነው። የግድ ካስፈለገ በንጹሕ ማንኪያ አውጡ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጎትቶ ማለብም ጡት ይቀጠቅጣል፤ በመላ እጅ እየጨበጣችሁ፣ ከላይ ወደ ታች እየጨመቃችሁ እለቡ።

ካለባችሁ በኋላ ጡቶቹን አዮዲን ንከሩ። የፋርማሲውን 10 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ከፈላና ከቀዘቀዘ ውሃ ጋር እኩል በጥብጡ፣ ቆዳው እንዳይሰነጣጠቅ ጥቂት ግሊሰሪን ጨምሩ። ለመንከሪያ ስኒ ያጥራል፤ የሻይ ብርጭቆ ልክ ነው። የተረፈውን ወደ ጠርሙሱ አትመልሱ። ብርጭቆውንም ከሌላው ለዩት። እንግዳ ሻይ ሊቀዳበት ሲል ደርሼ አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲያውኑ መኖ ስጧቸው። ጡት ከታለበ በኋላ ቀዳዳዋ እስክትዘጋ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ትፈጃለች። ላሟ በዚያ ሰዓት ከተኛች የተከፈተ በር እበት ላይ አስቀመጠች። ፊቷ ድርቆሽና ፉርሽካ ካለ ግን ቆማ ትበላለች።

በሁዳዴ 55 ቀን ወተት ገዢ ሲጠፋ አንዳንዱ አላቢ ይሰንፋል፤ ግማሽ ያልብና ይተዋል። ላሟ ጾም አታውቅም። ወይ ጨርሶ ማለብና ለቅቤ ማስቀመጥ፣ ወይ በወጉ ማድረቅ ነው።

ወለሉን ባጭሩ ልናገር። እበት በቀን ሁለቴ ይጠረግ፣ ሽንቱ የሚወርድበት ቦይ ይኑር። ከእንጨት ቤት በነጻ የሚገኘው ሰጋቱራ ያጓጓል፤ ሲረጥብ ግን ክሌብሲዬላ የሚባል ክፉ ጀርም ይራባበታል። የታጠበ አሸዋ ከሁሉ ይሻላል፤ ደረቅ ጭድም በየቀኑ ከተቀየረ ደህና ነው።

የማይድነው

በሁለት ዙር ሕክምና ያልዳነ፣ እብጠቱ ጎድሎ ግን ጠጥሮ የቀረ ጡት አብዛኛውን ጊዜ አይድንም። በሐኪም ምክር ያንን ክፍል ማድረቅ ይቻላል፤ ላሟ በሦስት ጡት ትታለባለች። ሁለት ጡቷ ከሄደ፣ ወይም ሌሎቹን ላሞች እየበከለች ከሆነ መሸጥ ነው። ስትሸጡ ለገዢው እውነቱን ንገሩ። ሳያማት ቀስ እያለ የሚጠጥር ግት ካያችሁ ደግሞ የከብት ቲቢን አስመርምሩ፤ በከተማችን ላሞች ያለ በሽታ ነው። ጥሬ ወተት እኛ ቤት የማይጠጣውም ለዚህ ነው።

ቦራ አሁን ሦስት ጡት ነች። በበረቱ በር ጀርባ በጠመኔ የተጻፈ አለ፦ የላሟ ስም፣ የትኛው ጡት፣ መድኃኒቱ የተጀመረበት ቀን፣ ወተቱ የሚመለስበት ቀን። ከቦራ ትይዩ «ኋላ ቀኝ፣ ደርቋል» ይላል። ከሻሼ ትይዩ ያለውን ትናንት ማታ አጠፋሁት። አራቱም ማስቀመጫ እንደ ውሃ ፈሰሰ።